የተቀዳው ሁሉ አይቆይም ፤ በጋሞ ዞን ስለ ዲቪዲ አመራረጥና አጠባበቅ

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ምሳሌ ያልሰማ ኢትዮጵያዊ አይገኝም። ይህን የተናገሩት አባቶቻችን ብራናውን ፍቀው፥ ቀለሙን በጥብጠው፥ ብርዑን ቀርጸው የሚጽፉ ሰዎች ስለ ነበሩ፥ የጻፉት ነገር ብዙ መቶ ዓመታት ተሻግሮ ከእኛ ዘንድ ደርሷል። ባለፉት ሃያ ዓመታት ግን ብዙው ሰው የሠርጉን፥ የምርቃቱን፥ የሐዘኑንና የስብሰባውን ታሪክ ያኖረው በብራና ላይ ሳይሆን ሲዲና ዲቪዲ በተባሉት ቀጫጭን የፕላስቲክ ሳህኖች ላይ ነው። እንግዲህ ዛሬ ልንጠይቀው የሚገባን ጥያቄ ይህ ነው፤ የተጻፈበት ነገር ራሱ ቢጠፋ ምን ይወረሳል?

ጥያቄው እንዲያው ለጨዋታ የተነሣ አይደለም። በአርባ ምንጭ ከተማ የሚኖሩ አንድ ወዳጃችን በ2001 ዓ. ም. ሠርጋቸውን በቪዲዮ አስቀርጸው ሦስት ዲቪዲ ተቀበሉ። አንደኛውን ሲቀላ ባለው ቤታቸው አስቀመጡ፤ ሁለተኛውን ጨንቻ ለሚኖሩት አባታቸው ላኩ፤ ሦስተኛውን አሜሪካ ለሚኖሩት ታላቅ እኅታቸው በሰው እጅ አደረሱ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አባትየው አረፉ። ወዳጃችንም ልጆቻቸው አያታቸውን በመልክም በድምፅም እንዲያውቁ ብለው፥ ሽማግሌው በሠርጉ ዕለት ሲመርቁ የሚታዩበትን ክፍል ሊያሳዩ ሳህኑን ከዴኩ ውስጥ ቢያስገቡት፥ ዴኩ ጥቂት ሲያጉረመርም ቆይቶ «ዲስክ የለም» የሚል ጽሑፍ አወጣ። ከጨንቻ የመጣውም እንደዚሁ ሆነ። የቀረው የአሜሪካው ነበር፤ እሱም «ከመጣ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ ሠርቶልኝ አያውቅም» ተብሎ ሣጥን ውስጥ የተጣለ ነው። የዚህን የሦስተኛውን ሳህን ፍጻሜ በኋላ እንናገራለን። በመጀመሪያ ግን ነገሩ የአንድ ቤተ ሰብ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ማስረዳት ይገባናል።

ነገሩ ዛሬ ለምን ይነሣል?

የቴክኒክ ዓለም ፊቱን ከሳህን ወደ ሌላ ነገር ካዞረ ሰንብቷል። ፉናይ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻ መሥራቱን በሐምሌ ወር 2008 ዓ. ም. አቆመ። ታዮ ዩደን የተባለው በጥሩ ባዶ ሲዲና ዲቪዲ ስሙ የታወቀ ፋብሪካ በዚያው በ2008 ዓ. ም. ከሥራው ወጣ። ሶኒ ደግሞ ባዶ የብሉ ሬይ ዲስክና ሚኒ ዲቪ የተባለውን ትንሽ የቪዲዮ ካሴት መሥራቱን በአውሮፓ አቆጣጠር በየካቲት 2025 እንዲያበቃ አድርጓል። ይህ ሚኒ ዲቪ የሠርግ ካሜራ ሠሪዎቻችን ለብዙ ዓመታት ትከሻቸው ላይ ባለው ካሜራ ሲቀርጹበት የኖሩት ካሴት ነው። ዛሬ ከሱቅ የሚወጣው አዲስ ላፕቶፕም አብዛኛው የሳህን ማስገቢያ የለውም። እንግዲህ በአንድ በኩል በቤታችንና በየመሥሪያ ቤታችን የተከማቸው ሳህን እያረጀ ነው፤ በሌላ በኩል የሚያነበው መሣሪያ እየጠፋ ነው። በር ከሁለት ወገን ሲዘጋ ማለት ይህ ነው።

በጋሞ ዞን ደግሞ ጉዳዩ የበለጠ ክብደት አለው። ዞኑ በ2011 ዓ. ም. ከቀድሞው ጋሞ ጎፋ ዞን ተለይቶ የቆመ፥ ከ2015 ዓ. ም. ማብቂያ ጀምሮም በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ የሚገኝ አዲስ ዞን ነው። አስተዳደሩ አዲስ ይሁን እንጂ የሕዝቡ ባህል የቆየ ነው፤ አብዛኛው ባህሉም የሚኖረው በቃልና በድርጊት ነው። በመስከረም 2011 ዓ. ም. በቡራዩ የደረሰውን ግድያ ተከትሎ የአርባ ምንጭ ወጣቶች ተቆጥተው አደባባይ በወጡ ጊዜ፥ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበርክከው በቀልን ያስቆሙበት ሥርዓት በመላው አገሪቱ የታየው ተቀርጾ ስለ ተገኘ ነው። ባይቀረጽ ኖሮ የአካባቢው ሰው ያወራው ነበር እንጂ በሌላው አገር ያለው ወጣት በዓይኑ አያየውም ነበር። የመስቀል በዓል አከባበር፥ የሽማግሌዎች ሸንጎ፥ የዶርዜ ዝማሬ፥ የሸማኔው ሥራ እንደዚሁ በየሰዉ ቤት በተቀመጠ ሳህን ላይ ይገኛሉ። ስለዚህ አንድ ሳህን በተበላሸ ቁጥር የሚጠፋው የፕላስቲክ ዋጋ ብቻ አይደለም።

ሳህኑ እንዴት ይጻፍበታል?

አመራረጡን ለማወቅ አሠራሩን ማወቅ ይቀድማል። ዲቪዲ ስፋቱ 12 ሴንቲ ሜትር፥ ውፍረቱ 1.2 ሚሊ ሜትር የሆነ፥ እያንዳንዳቸው 0.6 ሚሊ ሜትር ከሆኑ ሁለት የፕላስቲክ ገጾች የተጣበቀ ሳህን ነው። የሚጻፍበት ክፍል በሁለቱ መካከል ተደብቋል። በሲዲ ግን የሚጻፍበት ክፍል ከላይ፥ ልክ ስሙ ከሚጻፍበት ገጽ ሥር ስለሚገኝ፥ የሲዲ ጀርባ ሲጫር ከሆዱ መጫር ይልቅ ይጎዳዋል። ይህን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው።

ከፋብሪካ ተሠርቶ የሚመጣ የፊልም ዲቪዲና እኛ ቤት የምንቀዳበት ባዶ ዲቪዲ ለዓይን ይመሳሰሉ እንጂ አንድ አይደሉም። የፋብሪካው ሳህን እንደ ማኅተም በማተሚያ የተረገጠ ነው፤ ጉድጓዶቹ በፕላስቲኩ ላይ ስለ ተቀረጹ በቀላሉ አይደበዝዙም። የባዶው ሳህን ሥራ ግን በቀለም ነው። በሳህኑ ውስጥ ስስ የኬሚካል ቀለም ተቀብቷል፤ የመቅጃው መሣሪያ ኃይለኛ የሌዘር ብርሃን እየላከ ቀለሙን ነጥብ በነጥብ ይለውጠዋል፤ በኋላም ማጫወቻው ደከም ያለ ቀይ ብርሃን እየላከ የተለወጠውን ካልተለወጠው ይለያል። ስለዚህ ይህ ሳህን እንደ ማንኛውም ቀለም የገባበት ጨርቅ ፀሐይ ያነጣዋል፤ ሙቀት ያስረጀዋል። የሸማኔ አገር ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ጥለቱ በድርና በማግ የተሠራ ሸማና ጥለቱ በላዩ የተቀባ ጨርቅ እኩል እንደማይቆዩ ያውቃልና።

የሁለት ቤተ ዘመዶች ጠብ

አንድ ሰው ባዶ ዲቪዲ ሊገዛ ሱቅ ሲገባ በመጀመሪያ የሚያደናግረው በስሙ መካከል ያለችው ትንሽ ምልክት ናት። በአንዱ ሳህን ላይ አጭር መስመር ትታያለች፤ በሌላው ላይ የመደመር ምልክት ትታያለች። የመጀመሪያውን ሰው ሁሉ «ማይነስ አር» ይለዋል፤ ነገር ግን መስመሯ ከመጀመሪያው የስም ማያያዣ እንጂ የመቀነስ ምልክት አልነበረችም። ይህን ዓይነት ፓዮኒየር የተባለው ኩባንያ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1997 አወጣው፤ የዲቪዲ ፎረም የተባለው የፋብሪካዎች ማኅበርም ደገፈው። ፊሊፕስ፥ ሶኒ፥ ሪኮ፥ ሂውሌት ፓካርድና ሌሎችም ተባብረው ደግሞ የራሳቸውን «ፕላስ» ዓይነት አወጡ፤ ተደምስሶ የሚጻፍበት በ2001፥ አንድ ጊዜ ብቻ የሚጻፍበት በ2002 ገበያ ላይ ዋለ።

ሁለቱም 4.7 ጊጋባይት ይይዛሉ፤ ሁለቱም የሚያነቡት በአንድ ዓይነት ቀይ ብርሃን ነው። ልዩነታቸው የመቅጃው ብርሃን መንገዱን በሚያገኝበት ምልክት ላይ ነው። ስለዚህ የአንዱን ወገን ብቻ የሚያውቅ መቅጃ በሌላው ሳህን ላይ መጻፍ አይችልም፤ ሸማኔው በለመደው መጠን ድሩ ካልተዘረጋለት መወርወሪያውን ሊያሳልፍ እንደማይችል ማለት ነው። ሶኒ በ2002 ሁለቱንም የሚቀዳ የኮምፒዩተር መሣሪያ ካወጣ በኋላ ጠቡ እየበረደ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ የተሠሩት የኮምፒዩተር ራይተሮች ሁለቱንም ያለ ችግር ይቀዳሉ። ነገር ግን በቴሌቪዥን ሥር ተቀምጦ በቀጥታ የሚቀዳው የቤት ዲቪዲ መቅጃ ያለው ሰው የመሣሪያውን ፊት በደንብ ሳይመለከት ሳህን መግዛት የለበትም። በፊቱ ላይ ያለው የመስመር ምልክት ብቻ እንደ ሆነ ማይነሱን፥ የመደመር ምልክት ብቻ እንደ ሆነ ፕላሱን፥ ሁለቱም እንደ ሆኑ የፈለገውን ይግዛ።

ለሌላ ሰው የሚሰጥ ቅጂ ለሚያዘጋጅ ሰው ምክራችን ይህ ነው፤ የተቀባዩ ዴክ አሮጌ ከሆነ ማይነስ አር ይምረጥ፤ በእድሜ የገፉት ማጫወቻዎች ይበልጥ የለመዱት እሱን ነውና። ፕላስ አር ብቻ ቢገኝ ደግሞ ብዙ የኮምፒዩተር መቅጃ ፕሮግራሞች ሳህኑ ራሱን እንደ ፋብሪካ ዲቪዲ አድርጎ ለማጫወቻው እንዲያስተዋውቅ የማድረግ ችሎታ አላቸው፤ በዚህ መንገድ የተቀዳ ፕላስ አር አስቸጋሪ ዴክን እንኳ ያግባባል።

ከስሙ በኋላ «አር ደብልዩ» የሚል የተጨመረበት ሳህን እየተደመሰሰ አንድ ሺህ ጊዜ ያህል ሊጻፍበት ይችላል። ይህ ለልምምድና ለጊዜያዊ ሥራ መልካም ነው። ሆኖም የሚያንጸባርቀው ብርሃን ከ18 እስከ 30 በመቶ ብቻ ነው፤ የፋብሪካው ሳህን ግን ከ45 በመቶ በላይ ያንጸባርቃል። ስለዚህ አሮጌ ዴክ እንደዚህ ያለውን ሳህን አያየውም ብንል ከእውነት የራቅን አይሆንም። ከዚህም በላይ ሊደመሰስ የሚችል ነገር አንድ ቀን በስሕተት ይደመሰሳል። የአባት ምርቃት በአር ደብልዩ ላይ አይቀመጥም። ሁለት ድርብ ሆኖ 8.5 ጊጋባይት የሚይዘው ሳህንም እንደዚሁ ብዙ ዴኮችን ያስቸግራል፤ በእሱ ፋንታ ሁለት ተራ ሳህን መጠቀም ይሻላል።

ሱቅ ውስጥ ምን እንመልከት?

በመጀመሪያ ደረጃ በማሸጊያው ላይ ያለው ስም የሠሪው ስም ላይሆን ይችላል። አንድ ስም ብዙ ፋብሪካ እየለወጠ ያሠራል፤ ስሙም ራሱ ከእጅ ወደ እጅ ይሸጣል። ለምሳሌ ቨርባቲም የተባለው የታወቀ ስም የጃፓኑ የሚትሱቢሺ ኬሚካል ንብረት ሆኖ ከኖረ በኋላ፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2019 ሲኤምሲ ማግኔቲክስ ለተባለው የታይዋን ኩባንያ እንዲሸጥ ተስማሙ። እውነተኛውን ሠሪ የሚናገር መለያ በሳህኑ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል፤ በኮምፒዩተር የሚነበብበት ነፃ ፕሮግራምም አለ። ስለዚህ ብዙ ሳህን የሚገዛ ቪዲዮ ቤት ወይም መሥሪያ ቤት አስቀድሞ አንድ ሁለት ሳህን ገዝቶ መርምሮና ሞክሮ ሲስማማው ሙሉውን ቢገዛ ይጠቀማል። ሙዝ የሚገዛ ነጋዴ እንኳ ዘለላውን ገልብጦ ሳያይ አይከፍልም።

ሁለተኛ፥ ስም የለሽና ዋጋው ከሁሉ የረከሰውን ሳህን ለዕለት ሥራ እንጂ ለማስቀመጫ አይግዙ። ሦስተኛ፥ ሳህኑን ወደ ብርሃን አንሥተው ይመልከቱ፤ ቀለሙ ወጥ ያልሆነ፥ ጠርዙ ላይ ነጭ ነጭ ነጥብ ወይም አረፋ ያለበት አይረባም። አራተኛ፥ ኮምፒዩተሩ 4.7 ጊጋባይቱን 4.37 ነው ቢል ተታለልኩ አይበሉ፤ የቆጠራው ስልት የተለየ ስለ ሆነ ነው። አምስተኛ፥ መቅጃዎ በጣም የቆየ ከሆነ በጣም ፈጣን የተባለውን ሳህን ላያውቀው ይችላል፤ በፊት ጊዜ ፓዮኒየር ለአሮጌ መቅጃዎቹ ባለቤቶች ፈጣን ሳህን ከመጠቀማቸው በፊት የመሣሪያውን ፕሮግራም እንዲያሳድሱ ማስጠንቀቂያ እስከ መስጠት ደርሶ ነበር።

ስንቀዳ ምን እናድርግ?

ጥሩ ሳህን በመጥፎ አቀዳድ ይበላሻል። በሳህኑ ላይ 16 የሚል ቁጥር የተጻፈው የመጨረሻው ፍጥነት ነው፤ በዚህ ፍጥነት ሳህኑ በስድስት ደቂቃ ያህል ይሞላል። ችኮላው ግን ስሕተት ያበዛል። በ4 ወይም በ8 ፍጥነት መቅዳት መካከለኛውና ደኅናው መንገድ ነው። ከዚያም በታች መዝገም አይጠቅምም፤ ለፍጥነት የተሠራ ሳህን በጣም ሲዘገይ ይብስበታልና።

የቤት መቅጃ ያለው ሰው የሰዓቱን ምርጫ ያስብበት። በአንድ ሳህን ላይ በጥሩ ሥዕል አንድ ሰዓት፥ በመካከለኛ ሁለት ሰዓት፥ በዝቅተኛ አራትና ስድስት ሰዓት ይቀዳል። ስድስት ሰዓት ሠርግ በአንድ ሳህን የሚያጭቅ ሰው ሳህን አተረፈ እንጂ ሥዕል አላተረፈም። ቀረጻው ሲያልቅ ደግሞ «ፋይናላይዝ» የሚለውን ትእዛዝ መስጠት ግዴታ ነው፤ ይህ ማለት ሳህኑን መዝጋትና ማውጫውን መጻፍ ነው። ሳይዘጋ የወጣ ሳህን በቀዳው መሣሪያ ላይ ብቻ ይታያል፤ መሣሪያው የተበላሸ ቀን ሳህኑም አብሮት ይሞታል። ብዙ ሰው «ዲቪዲው ቤቴ ሲሠራ ነበር፤ ጎረቤት ስወስደው እምቢ አለ» የሚለው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው የስሕተት ምንጭ የስልክ ቪዲዮን እንዳለ ወደ ሳህን መገልበጥ ነው። ይህ ኮምፒዩተር የሚያነበው የፋይል ሳህን ይሆናል እንጂ የዲቪዲ ፊልም አይሆንም። አሮጌ ዴክ እንዲያጫውተው ከተፈለገ በዲቪዲ ቪዲዮ ሥርዓት መዘጋጀት አለበት። የመብራት መጥፋትም አይዘንጋ፤ በመቅዳት ላይ ሳለ መብራት የጠፋበት ሳህን ተመልሶ አይገኝም። ስለዚህ ባትሪው በሞላ ላፕቶፕ መቅዳት ይመረጣል። በመጨረሻም ፕሮግራሙ «ቬሪፋይ» የሚለውን ምርመራ እንዲያደርግ ማዘዝ፥ ሳህኑንም በሌላ ዴክ ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መሞከር ያስፈልጋል።

ወዳጃችንን ያሳጣቸው ምን ነበር?

አሁን ወደ ሦስቱ ሳህኖች እንመለስ። የሲቀላው ሳህን ያለ ማኅደር በመስኮት አጠገብ፥ በቴሌቪዥኑ ላይ የኖረ ነው። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች፥ የቀኑ ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ30 ዲግሪ የሚያልፍባት ከተማ ናት። የአሜሪካ የመመዘኛዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም በአውሮፓ አቆጣጠር በ2003 ባወጣው መመሪያ ሲዲና ዲቪዲ ከ4 እስከ 20 ዲግሪ ሙቀትና ከ20 እስከ 50 በመቶ የአየር እርጥበት ባለበት ቦታ እንዲቀመጥ ይመክራል። እንግዲህ ያ ሳህን ፀሐይም ሙቀትም ሲፈራረቁበት ቀለሙ ቢነጣ ምን ይደንቃል?

የጨንቻው ሳህን ደግሞ ሙቀት አላገኘውም። ጨንቻ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች፥ ጉምና ዝናብ የማያጣት ደጋ ናት። ያን ሳህን የጎዳው በጀርባው ላይ የተለጠፈው የሙሽሮቹ ፎቶግራፍ ያለበት ወረቀት ነው፤ ወረቀቱ እርጥበት እየሳበና እየደረቀ ሳህኑን አጣመመው። ለጌጥ የተለጠፈው ለጥፋት ሆነ። ስም መጻፍ የፈለገ ሰው በለስላሳ የውሃ ቀለም እስክሪፕቶ በመካከለኛው ጠባብ ክብ ላይ ይጻፍ፤ በሹል ቢክ እስክሪፕቶ አይጫር። ሳህኑንም በማኅደሩ አቁሞ በጨለማና ደረቅ ሣጥን ያኑረው። አቧራ ሲይዘው በለስላሳ ጨርቅ ከመካከል ወደ ዳር ይጥረገው እንጂ እንደ ሰሐን እያዞረ አይወልውለው።

የአሜሪካው ሳህን ግን መጀመሪያውኑ አልተበላሸም ነበር። የአገራችን ቴሌቪዥን በ1957 ዓ. ም. ሥራ ከጀመረ ብዙ ዘመን አለፈው፤ ሲሠራበት የኖረውም ሥርዓት 625 መስመርና በሰከንድ 25 ሥዕል የሚጠቀመው ፓል የተባለው ነው። አሜሪካኖች ግን 525 መስመርና በሰከንድ 30 ያህል ሥዕል የሚጠቀመውን ኤንቲኤስሲ የተባለውን ይዘው ኖረዋል። የእኛ ዴኮች አብዛኞቹ ሁለቱንም ሲያሳዩ የአሜሪካኖቹ አብዛኞቹ ፓልን አያሳዩም። የእኅትየው ዴክ ሳህኑን የመለሰው በዚህ ምክንያት እንጂ በሳህኑ ጥፋት አልነበረም። ኮምፒዩተር ግን ይህን ልዩነት ከቁም ነገር አይቆጥረውም። የእኅታቸው ልጅ ሳህኑን ከጨለማው ሣጥን አውጥቶ ኮምፒዩተር ውስጥ ቢያስገባው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ታየ። ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ሲመርቁ ድምፃቸው ጥርት ብሎ ተሰማ። የተጣለው ሳህን ለሁለቱ ወንድሞቹ መዳኛ ሆነ ማለት ነው።

ለውጭ አገር ዘመድ ቅጂ የሚልክ ሰው ከዚህ ትምህርት ይውሰድ። የፊልም ፋብሪካዎች ዲቪዲን በአገር ከፋፍለው ሲሸጡ ኢትዮጵያን ከ5ኛው ክልል አግብተዋታል፤ ይሁን እንጂ ቤት የተቀዳ ሳህን የክልል ቁልፍ የለውም፤ የሚያግደው የቴሌቪዥኑ ሥርዓት ብቻ ነው።

ሳህን ከቶ ለምን ያስፈልጋል?

አንዳንድ ወጣት «ፍላሽና ስልክ እያለ ስለ ሳህን ማውራት ምን ይጠቅማል?» ይለን ይሆናል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ መልሱም ቀላል ነው። ስልክ ይሰረቃል፤ ፍላሽ በአንድ ቀን ይሞታል፥ በየኮምፒዩተሩ ሲሰካም ቫይረስ ይለቃቅማል፤ በመልእክት መላኪያ የተላከ ቪዲዮ ብዙ ጊዜ ተጨምቆ ጥራቱ ይቀንሳል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚጻፍበት ሳህን ግን ከተዘጋ በኋላ ቫይረስ አይገባበትም፤ እጅም አይለውጠውም። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ሆኖም ሳህን ብቻውን መዝገብ ሊሆን አይችልም። ዩኔስኮ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ባሳተመው ጥናት፥ ቤት የሚቀዳ ሲዲና ዲቪዲ ያለ ተከታታይ ምርመራ ለቤተ መዛግብት የሚታመን ማስቀመጫ አለመሆኑን አስጠንቅቋል። አምራቾች የሚናገሩትን የመቶ ዓመት ዕድሜ ሰምቶ የሚተኛ ሰው ሲነቃ ባዶ ሳህን ያገኛል።

ስለዚህ ሳህን ከብዙ ቅጂዎች አንዱ እንጂ ብቸኛው አይሁን። ሦስት ቅጂ ይኑር፤ አንዱ በሃርድ ዲስክ፥ አንዱ በሳህን፥ አንዱም በሌላ ከተማ። የአርባ ምንጩ ሰው ቅጂ ጨንቻ፥ የጨንቻው ሰው ቅጂ አርባ ምንጭ ቢቀመጥ አንድ አደጋ ሁሉንም አያጠፋም። የወዳጃችንን ታሪክ ያዳነው ይኸው የቦታ መራራቅ ነው።

ለተማሪና ለወጣት ሹም

ይህን ስንጽፍ በተለይ ሁለት ወገኖችን እናስባለን። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ናቸው። አርባ ምንጭ በ1979 ዓ. ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቁሞባት፥ እሱም በ1996 ዓ. ም. ዩኒቨርሲቲ የሆነባት የትምህርት ከተማ ናት። በየዩኒቨርሲቲው የመመረቂያ ጽሑፍን ከወረቀቱ ጋራ በሲዲ ማስረከብ ለብዙ ዓመታት የተለመደ ነበር፤ በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ተማሪው ከገጠር ሽማግሌዎች የሰበሰበው ቃለ ምልልስ ይገኛል። ጽሑፉን ያስረከበ ሰው ሳህኑ ዛሬ ይነበብ እንደ ሆነ አንድ ቀን ገብቶ ቢጠይቅ ነውር አይደለም፤ የራሱንም ቅጂ ይመርምር።

ሁለተኛዎቹ በባህልና በኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤቶች የተመደቡት ወጣት ሠራተኞች ናቸው። ከዲታ እስከ ቦንኬ፥ ከምዕራብ ዓባያ እስከ ካምባ በየወረዳው የተቀረጸ በዓልና ስብሰባ በመሳቢያ ውስጥ ሳይኖር አይቀርም። አዲስ የተሾመ ሰው የቀድሞውን መሳቢያ «አሮጌ ሲዲ ነው» ብሎ ወደ ቆሻሻ ከመጣሉ በፊት አንድ ሳምንት ለሥራው ይስጥ። ሳህኖቹን ይቁጠር፤ የተጻፈባቸውን ስምና ዓመት በመዝገብ ያስፍር፤ የሚሠራ ራይተር ይፈልግ፤ በመጀመሪያ የቆዩትንና ሌላ ቅጂ የሌላቸውን ይገልብጥ። አንዱ መሣሪያ እምቢ ያለውን ሳህን ሌላው ሊያነበው ስለሚችል በሁለት በሦስት ራይተር ሳይሞክር ተስፋ አይቁረጥ። ይህ ትልቅ በጀት የሚጠይቅ ሥራ አይደለም፤ የሚጠይቀው ማሰብንና ትዕግሥትን ነው። የሌላ ሰው ዘፈንና ፊልም አባዝቶ መሸጥ ግን በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የተከለከለ መሆኑን አይርሳ፤ እኛ የምንናገረው የራስን ታሪክ ስለ መጠበቅ ነው።

የውጭ ሰዎች ይህን ሥራ ከእኛ ቀድመው ጀምረውታል። ፈረንሳዊው የሙዚቃ ተመራማሪ በርናር ሎርታ ዣኮብ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ የዶርዜን የብዙ ድምፅ ዝማሬ ቀርጾ በሸክላ አሳትሞታል። የእኛን ዝማሬ የውጭ አገር ሰው በጥንቃቄ ሲያኖርልን እኛ በገዛ ቤታችን የተቀረጸውን ፀሐይ እንዲያነጣው ብንተወው የልጅ ልጆቻችን ይወቅሱናል።

የዶርዜን ቤት ያየ ሰው ይህን ሁሉ በአንድ ምሳሌ ሊረዳው ይችላል። ቤቱ ከቀርከሃ የሚሠራ ረጅምና የሚያምር ነው፤ ነገር ግን ከሥሩ ምስጥ እየበላው ከዓመት ዓመት ያጥራል። ባለቤቱ ይህን ስለሚያውቅ «ቤቴ አይነካም» ብሎ አይተኛም፤ ጊዜው ሲደርስ ጎረቤቶቹን ይጠራና ቤቱን አንሥተው ተሸክመው ወደ አዲስ ቦታ ያዛውሩታል። ቤቱን ብዙ ዘመን ያኖረው የቀርከሃው ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን በጊዜው መነሣቱ ነው። በሳህን ላይ ያለው ታሪካችንም ምስጥ ጀምሮታል። ጎረቤት ሳይበተን፥ ተሸካሚም ሳይጠፋ እናንሣው።